ብርሃንም መጠን አለው

ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ ለአባቶችና ለአያቶች ከተሰጠ የጤና ትምህርት የተዘጋጀ የንግግር ጽሑፍ

እንደምን አመሻችሁ። ደክሟችሁም ቢሆን ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አያቶች በብዛት መምጣታችሁ ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል። አራስ ቤት ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። «ልጁን ሐኪም ቤት ውሰዱት» ወይም «ተዉት፣ ይለቀዋል» የሚለው ከእናንተ ነው የሚመጣው።

የማወራችሁ አዲስ የተወለደ ሕፃን ቢጫ ሲሆን ስለሚሰጠው የብርሃን ሕክምና ነው። እኛ ፎቶቴራፒ እንለዋለን። እናቶች «ልጄ መብራት ገባ» ይላሉ። የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ከማዛቸው ሕክምናዎች መካከል እንዲህ ቀላል መስሎ ይህን ያህል ልጅ የሚያተርፍ ጥቂት ነው። ችግር የሚያመጣውም ቀላል መምሰሉ ነው። መርፌ የለው፣ ሽሮፕ የለው፣ መብራት ብቻ። ስለዚህ ቤተሰቡ እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም። ልጁን አውጥተው ለረጅም ሰዓት ያቅፉታል። በረደው ብለው ያለብሱታል። «ፀሐይ ቤትም አለ» ብለው ይዘውት የሚሄዱም አሉ።

እኔ ግን ይህ ብርሃን መድኃኒት ነው እላለሁ። ተመዝኖ የሚሰጥ መድኃኒት። ዓይነት አለው፣ መጠን አለው፣ ሰዓት አለው። መጠኑ ከጎደለ ልጁ መብራት ሥር ተኝቶም አይታከምም። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

መጀመሪያ ቢጫው ከየት እንደሚመጣ እንይ። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው ሲያልቅ ይፈርሳል። ሲፈርስ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ነው። ጉበት ይህን ቢሊሩቢን በውኃ የሚሟሟ አድርጎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። ከዚያ በሰገራ ይወጣል። የሰገራን ቀለም የሚሰጠውም እሱ ነው። ልጁ ማሕፀን ውስጥ እያለ ይህን ሥራ የምትሠራለት እናቱ ነበረች። ሲወለድ በድንገት ለራሱ ጉበት ይቀራል። ጉበቱ ደግሞ ገና ሥራውን አልለመደም። በዚያ ላይ የጨቅላ ቀይ ደም ከአዋቂ ደም የበዛ ነው፤ ቶሎም ይፈርሳል። ስለዚህ ቢሊሩቢን ይጠራቀማል፣ ቆዳውም ይቢጫል።

ይህ የሚሆነው በጥቂት ልጆች ላይ ብቻ አይደለም። ቀናቸውን ጠብቀው ከሚወለዱት 60 በመቶ ገደማ፣ ያለቀናቸው ከሚወለዱት ደግሞ 80 በመቶ ገደማ በመጀመሪያው ሳምንት ይቢጫሉ። አብዛኞቹ ምንም ሳይደረግላቸው ይለቃቸዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይጀምራል። በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ይቀንሳል። አያቶች «ይለቀዋል» የምትሉት ከልምድ ነው። ለአብዛኞቹ ልጆች እውነትም ነው።

የሚያስፈራው ቀሪዎቹ ናቸው። ቢሊሩቢን በጣም ሲበዛ ወደ አንጎል ይገባል። አንጎል ውስጥ ገብቶ የሚመርጣቸው ቦታዎች አሉ፤ እንቅስቃሴን የሚመሩትን፣ መስማትን፣ የዓይን እንቅስቃሴን። ከርኒክተረስ የሚባለው ጉዳት ይህ ነው። ከዚህ የተረፈ ልጅ አካሉ አይታዘዝለትም። ብዙ ጊዜ አይሰማም። ዓይኑን ወደ ላይ ማንሳት ያቅተዋል። ሐሳቡ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ሁሉን እየተረዳ መናገር የማይችል፣ ኩባያ መያዝ የማይችል ልጅ ማለት ነው። ይህ ጉዳት አንዴ ከደረሰ አይመለስም። ከዚያ በፊት ግን መከላከያው ሰማያዊ መብራት ነው። በጊዜው የበራ፣ በቂ የሆነ መብራት። አንድ ልጅ እንዲህ ባለ ነገር ዕድሜ ልኩን ሲጎዳ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለዚሁ ነው።

መብራቱ እንዴት እንደተገኘ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ነገሩ የሆነው በ1956 በጋ ላይ ነው፤ እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ፣ ሮችፎርድ በሚባል ሆስፒታል። ያለቀናቸው የተወለዱ ሕፃናትን ክፍል የምትመራው ነርስ ሲስተር ጂን ዋርድ ትባላለች። ይህች ሴት ለጨቅላ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ይበጀዋል ብላ ታምናለች። ቀኑ ደህና ከሆነ ልጆቹን ከነአልጋቸው እየገፋች ግቢ ታወጣቸዋለች። አንድ ቀን ሐኪሞቹ ሲዞሩ አንዱን ልጅ ገልጣ አሳየቻቸው። የልጁ ሰውነት ፈዟል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ሦስት ማዕዘን ቅርፅ ያለው፣ ድምቅ ያለ ቢጫ ቆዳ ይታያል። ዶክተር ዶብስ ምን ቀባሽው ብሎ ጠየቃት። ምንም አልቀባሁትም፣ ፀሐይ መሆን አለበት አለች። ሐኪሞቹ ፀሐይ ያጠቆረው ቆዳ መሰላቸው። እሷ ግን ነገሩን ገልብጣ ነው ያየችው። ሦስት ማዕዘኑ ቦታ የአንሶላው ጫፍ ያረፈበት ነው። ልጁ ቀድሞም ቢጫ ነበር። ፀሐይ ያገኘው ቆዳው ነው የለቀቀው።

ሐኪሞቹ በዚያ ቀን ብዙም አልገፉበትም። ልጁ ደህና ሆኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ግን ሌላ ነገር ተከሰተ። ከአንድ ቢጫ ልጅ የተወሰደ ደም ላቦራቶሪ ሲደርስ ቢሊሩቢኑ ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ደም ተወስዶ ሲለካ ከፍተኛ ነበር። ለምን ተለያየ ሲባል፣ የመጀመሪያው ደም የያዘው ብልቃጥ መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው ለሰዓታት ቆይቶ ኖሯል። የነርሷ ሦስት ማዕዘንና ይህ ብልቃጥ አንድ ነገር እየተናገሩ እንደሆነ የገባው ዶክተር ሪቻርድ ክሬመር ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ልጆችን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ደማቸውን ለካ። ቀጥሎም የእንግሊዝ ፀሐይ ስለማትታመን ሰማያዊ የፍሎረሰንት አምፖሎችን ከአልጋ በላይ ደርድሮ የመጀመሪያውን ማሽን ሠራ። ጥናታቸው በ1958 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ።

ዓለም ወዲያው አልተቀበለውም። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የተስፋፋው ከ10 ዓመት በኋላ ነው፤ በ1968 የቨርሞንቱ ሐኪም ጄሮልድ ሉሲ ያለቀናቸው በተወለዱ ልጆች ላይ ሞክሮ ውጤቱን ካሳተመ ወዲህ። በእነዚያ 10 ዓመታት መብራት ሳያገኙ የተጎዱ ልጆች ነበሩ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ሕክምና የሚዘገየው ሁልጊዜ ስላልታወቀ አይደለም። ያየችውን የምትናገር ነርስ እያለች የሚሰማት ሲጠፋም ይዘገያል።

ብርሃኑ ምን እንደሚሠራ አሁን በደንብ ይታወቃል። ቢሊሩቢን በውኃ አይሟሟም። ስለዚህ ጉበት ሳይቀይረው ከሰውነት መውጣት አይችልም። ሰማያዊ ብርሃን ቆዳ ላይ ሲያርፍ፣ ከቆዳው ሥር በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ የሚያልፈውን ቢሊሩቢን ያገኘዋል። የሞለኪውሉን ቅርፅ ያጣምመዋል። አንደኛው አዲስ ቅርፅ ሉሚሩቢን ይባላል። እነዚህ አዲስ ቅርፆች በውኃ ይሟሟሉ። ጉበትን ሳይጠብቁ በሐሞትና በሽንት ይወጣሉ። ማለትም ብርሃኑ ገና ያልበሰለውን የጉበት ሥራ ቆዳ ላይ ይሠራለታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መኖሩን አውቃለሁ። ከመጀመራችን በፊት አንዲት እናት በር ላይ አግኝተው ጠይቀውኛል። «ልጄ፣ እኛ ስንቱን ልጅ ፀሐይ እያሞቅን አሳድገናል። መብራቱም ከፀሐይ የተገኘ ከሆነ፣ ቤታችን ብናሞቀው ምን አለበት?» አሉኝ። እማማ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ፀሐይ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ሞልቷል። ችግሩ መጠኑን መያዝ አለመቻሉ ላይ ነው። ልጁ እንዲታከም ራቁቱን፣ ለብዙ ሰዓታት፣ ሌሊትም ጭምር ብርሃን ማግኘት አለበት። በፀሐይ ይህን እናድርግ ብንል ቆዳው ይቃጠላል። ወይ ሰውነቱ ይግላል፣ ወይ በጠዋት ንፋስ ይቀዘቅዛል። ጨቅላ ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ እናቶች የሚያደርጉት ልብስ እንደለበሰ ፊቱንና እግሩን ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ማሳየት ነው። ያ ለልጁ የሚሰጠው ብርሃን ኢምንት ነው። ለቢጫው ሕክምና ሊሆን አይችልም።

ልጅን ፀሐይ ማሞቅ ግን አቁሙ አላልኩም። ያ ለአጥንቱ ነው፣ ለቫይታሚን ዲ። ልጁ ጠንከር ሲል የሚደረግ ሌላ ነገር ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ «ለሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ እንሞክርለት» የሚባለው ነው። ቢሊሩቢን አንጎል የሚጎዳው በእነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ነው።

ፀሐይ በልክ ተደርጎ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ናይጄሪያን እዩ። ሌጎስ ውስጥ ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ሆስፒታል፣ ቲና ስላሸር የምትባል ሐኪም ከናይጄሪያ ባልደረቦቿ ጋር ሆና ግቢ ውስጥ እንደ ድንኳን ያለ ነገር አስተከለች። ጣሪያው ልዩ ፕላስቲክ ነው። ሰማያዊውን ብርሃን ያሳልፋል፣ የሚያቃጥለውን ጨረር ይከለክላል፣ ሙቀቱንም ይቀንሳል። ልጆቹ ከሥሩ ይተኛሉ። ነርሶች በየሰዓቱ ሙቀታቸውን ይለካሉ። ደማቸው ይመረመራል። በ2015 የታተመው ውጤት ይህ ዘዴ በጣም ላልጠናባቸው ልጆች ከመደበኛው መብራት ያነሰ እንዳልሆነ አሳየ። ልብ በሉ፣ እዚያም ቢሆን ፀሐዩ ተጣርቶ፣ ሙቀቱ ተለክቶ፣ ደሙ ተመርምሮ ነው። ሥራው በሐኪም ቤት ግቢ፣ በሐኪም ዓይን ሥር ነው የተሠራው።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ክፍል እንግባ። ባልደረቦቼ ነርሶችም እዚህ ስላላችሁ ይህን ክፍል ለሁላችንም ነው የማወራው።

የሚፈለገው ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ድረስ ያለው። የኤክስሬይ ጨረር አይደለም። ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረርም አይደለም። «ልጄን ጨረር ውስጥ አላስገባም» የምትሉ እናቶች፣ ስጋታችሁ ይገባኛል፤ ነገር ግን ይህ ዓይናችሁ የሚያየው ተራ ቀለም ነው። የልጁ ዓይን የሚሸፈነው ኃይለኛ ብርሃን በቀጥታ እንዳያይ ነው። መብራት ሥር ያለ ልጅ ሰገራው ሊቀጥን፣ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ቆዳው ላይ ሽፍ ሊል ይችላል። መብራቱ ሲቆም እነዚህ ይጠፋሉ።

የብርሃኑ ኃይል ይለካል። መለኪያ መሣሪያ አለው። ከፍ ያለ ሕክምና ለሚያስፈልገው ልጅ ቆዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን በካሬ ሴንቲሜትር በናኖሜትር ቢያንስ 30 ማይክሮዋት መሆን አለበት። ይህን በዓይን መገመት አይቻልም። የቆየ የፍሎረሰንት አምፖል ሰማያዊ ሆኖ፣ ደምቆ ይበራል፤ ጠቃሚው ብርሃን ግን ከውስጡ አልቋል። ብዙ ጊዜ 2000 ሰዓት ገደማ ከሠራ በኋላ እንዲቀየር ይመከራል። ቀንና ሌሊት ከበራ ይህ 3 ወር እንኳ አይሞላም። ኤልኢዲ የሚባሉት አዳዲሶቹ መብራቶች ከ20 ሺህ ሰዓት በላይ ይቆያሉ፤ ኤሌክትሪክም አይፈጁም፤ ሙቀታቸውም ትንሽ ነው። ምርጫ ያለው ሆስፒታል እነሱን ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም። ወላጆች፣ «አምፖሉ መቼ ተቀየረ? ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም። እኛም ልንቆጣ አይገባም።

ርቀቱም እንዲሁ ነው። መብራቱ ከልጁ በራቀ ቁጥር የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል። እንደ ማሽኑ ዓይነት 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚደረገው። አንዳንዴ ክፍሉ ሲጨናነቅ አንድ መብራት ሥር ሁለት ልጅ ይተኛል። ዳር ያለው ልጅ ያነሰ እንደሚያገኝ መርሳት የለብንም። አልጋውን በነጭ ጨርቅ ዙሪያውን ከለል ማድረግ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ልጁ ይመልሳል። አየር እስካልተዘጋበት ድረስ ርካሽና ጠቃሚ ዘዴ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ቆዳው መታየት አለበት። ብርሃኑ የሚሠራው ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ልጁ ከዳይፐርና ከዓይን መሸፈኛ በቀር ምንም መልበስ የለበትም። ዳይፐሩም ትንሽ ቢሆን ይመረጣል። ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ጓንቲ፣ ከላይ ጣል የተደረገች ሻሽ፣ እነዚህ ሁሉ መድኃኒቱን ይከለክላሉ። የሲስተር ዋርድን አንሶላ አስታውሱ። የአንሶላ ጫፍ የሸፈነው ቆዳ ሳይታከም ቀርቷል። በረደው ብላችሁ ከሰጋችሁ ለነርሷ ንገሩ። ሙቀቱ ይለካል፣ ክፍሉ ይሞቃል። ልብስ ማልበስ ግን መፍትሔ አይሆንም። ሙሉ እንክብል ታዞለት ሩቡን ብቻ እንደመዋጥ ነው።

ሰዓቱስ? ጡት ለማጥባት ልጁን ማውጣት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቢሊሩቢኑ በጣም ከፍተኛ ለሆነ ልጅ ግን ያም አይፈቀድም። ያኔ ከመብራቱ ሳይወጣ ይመገባል። ጠያቂ ሲመጣ አውጥቶ ማሳየት፣ ለአባት ፎቶ ማንሳት፣ አክስት እስክትጠግብ ማቀፍ፣ ሲደመር በቀን ብዙ ሰዓት ይወስዳል። የተቋረጠው ሰዓት ሁሉ የጎደለ መድኃኒት ነው። መብራት ሲጠፋም እንደዚያው ነው። ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ዝም አትበሉ፤ ጠይቁ።

ጡቱ ራሱ የሕክምናው አካል ነው። ቢሊሩቢን የሚወጣው በሰገራ ነው። ሰገራ የሚመጣው ከጠባ ነው። ልጁ ካልጠባ አንጀት ውስጥ የደረሰው ቢሊሩቢን ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። እንገሩን አትጣሉ፤ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ነው። ውኃ፣ የስኳር ውኃ፣ ቅቤ፣ የዕፅ ጭማቂ አትስጡት። ሆዱን ይሞሉታል እንጂ ቢሊሩቢኑን አያወጡለትም። ለወፍ በሽታ ተብሎ ለአዋቂ የሚሰጠው የባህል መድኃኒትም ለጨቅላ አይሞከርም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ልምጣ። ልጁ መብራት ውስጥ በገባ በማግስቱ ቆዳው ነጣ ይላል። ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፣ «አሁን ዳነ፣ እንውጣ» ይላል። ብርሃኑ መጀመሪያ የሚያነጣው ቆዳውን ነው። ደሙ ውስጥ ያለው ግን ገና ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። መብራት የገባን ልጅ በቆዳው ቀለም መገመት አይቻልም። ደሙ መለካት አለበት። ጥሩ መብራት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሊሩቢኑን ከ30 እስከ 40 በመቶ ሊያወርደው ይችላል። ካልወረደ አንድ ነገር አለ፤ ወይ መጠኑ ጎድሏል፣ ወይ ደሙ በፍጥነት እየፈረሰ ነው። መብራቱ ከቆመ በኋላም በአንዳንድ ልጆች ላይ ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል እንደገና እንለካለን። ለዚያ ስንቀጥራችሁ ኑ።

መቼ ይጀመር የሚለውም በቁጥር እንጂ በዓይን አይወሰንም። ቁጥሩ ብቻውን ደግሞ ትርጉም የለውም። ልጁ ከተወለደ ስንት ሰዓት ሆነው? በስንት ሳምንቱ ተወለደ? በእንግሊዝ መመሪያ 38 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሞልቶት የተወለደ ልጅ በ24 ሰዓቱ መብራት የሚጀምረው ቢሊሩቢኑ በሊትር ከ200 ማይክሮሞል ሲያልፍ ነው። እኛ በምንጠቀምበት መለኪያ በዴሲሊትር ወደ 12 ሚሊግራም ማለት ነው። ያው ልጅ 4 ቀን ሲሞላው መነሻው 350 ይሆናል፤ ወደ 20 ሚሊግራም። ስለዚህ «የጎረቤት ልጅ 15 ሆኖ ወደ ቤት ላኩት፣ የእኔን ግን አስተኙት» ብላችሁ አትዘኑ። የጎረቤት ልጅ 5 ቀኑ ነበር። የእናንተ አንድ ቀኑ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ «ለእኛ ብርሃን የሚሰጥ ብርድ ልብስ ሰጥተው ቤት ላኩን» ካሏችሁም፣ እነሱም የተላኩት ተመርጠው ነው፤ ደማቸውም ቶሎ ቶሎ ይለካል።

በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ የሚመጣ ቢጫ መቼም ቢሆን ደህና አይደለም። ሲነጋ እናያለን አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይጠራ። ከዚህ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ነው። ሾተላይ የምንለው አንዱ ነው። የእናት የደም ዓይነት አርኤች ኔጌቲቭ፣ የልጅ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የእናት ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያፈርሰዋል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ተከታዮቹ ናቸው የሚጎዱት። እናቶች ልጅ በላይ በላይ ሲሞትባቸው ርኩስ መንፈስ ነው፣ እርግማን ነው ሲባሉ ኖረዋል። ጥፋተኛ እየተባሉ ትዳራቸው የፈረሰ ሴቶች አሉ። ይህ የደም ዓይነት ጉዳይ ነው፤ የማንም ኃጢአት አይደለም። መከላከያውም ከ1968 ጀምሮ አለ። የሾተላይ መርፌ የምንለው ነው። በእርግዝና በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ካስወረዳትም በኋላ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮች፣ የደም ዓይነታችሁን ሳታውቁ ወር እንዳይገባባችሁ። አባቶች፣ የእናንተም ይታወቅ።

ሾተላይ በጸና ጊዜ መብራት ብቻውን አይበቃም። ደም መቀየር ያስፈልጋል። የልጁን ደም ጥቂት በጥቂት እያወጡ በሌላ መተካት ነው። ከባድ ሥራ ነው፣ አደጋም አለው። ግን አንጎሉን ያድናል። ሐኪም ደም ይቀየርለት ሲል ለቤተሰብ ስብሰባ የሚተርፍ ጊዜ የለም። ደሙ እስኪመጣም ልጁ ከመብራቱ አይወጣም።

ሌላው ምክንያት ቀይ ደም ቶሎ እንዳይፈርስ የሚጠብቅ፣ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ማነስ ነው። በአፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በእስያ ብዙ ሰው ላይ አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ናፍታሊን ሲሸተው ደሙ በፍጥነት ሊፈርስ ይችላል። ከሣጥን የወጣ፣ ናፍታሊን የነካው ልብስና ብርድ ልብስ ለጨቅላ አታልብሱ።

ወደ ቤት እንመለስ፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። እናት ዛሬ ወልዳ ነገ ትወጣለች። ቢጫው ጫፍ የሚደርሰው ግን ከሦስተኛው ቀን በኋላ ነው። ያኔ ልጁ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ተጠቅልሎ፣ ከእናቱ ጎን ተኝቷል። በጨለማ ቢጫ አይታይም። የእኛ ልጆች ቆዳ ደግሞ ጠየም ስለሚል ይበልጥ ይደበቃል። ስለዚህ በቀን ሁለቴ መጋረጃውን ግለጡ። ልጁን መስኮት አጠገብ አምጡት። የዓይኑን ነጭ እዩ፣ ድዱን እዩ። ግንባሩንና ደረቱን በጣት ጫን ብላችሁ ልቀቁ፤ ከሥሩ የሚታየው ቢጫ ከሆነ ውሰዱት። ቢጫው እግሩና መዳፉ ላይ ከደረሰ ፈጽሞ አትዘግዩ። በ3ኛው ቀን የሚደረገውን የድኅረ ወሊድ ክትትል አትዝለሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትመጣም ልጁን ገልጣችሁ አሳዩአት።

ቢጫ ሆኖ እንቅልፍ የበዛበት፣ ለመጥባት የሰነፈ፣ ሰውነቱ የላላ ልጅ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይግባ። እናት «ጸባየኛ ልጅ ነው፣ አያለቅስም» ብላ የምትደሰትበት ጊዜ አለ። ልጁ ግን እየደከመ ነው። ድምፁ ቀጥኖ የሚጮህ፣ ጀርባውን ወደ ኋላ የሚለጥጥ ከሆነ አንጎሉ እየተጎዳ ነው። በየትኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም መኪና ውሰዱት።

የመጨረሻው ነገር፣ መብራት የማይፈውሰው ቢጫ አለ። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ፣ ያለቀኑ በተወለደ ልጅ ደግሞ ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ ቢጫ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ጡት በሚጠቡ ልጆች ላይ የሚቆይ፣ ምንም የማይጎዳ ዓይነት አለ። ግን የሐሞት መውረጃ ተዘግቶ የሚመጣም አለ። ምልክቱ ዳይፐር ውስጥ ነው። ሰገራው እንደ ኖራ ከነጣ፣ ሽንቱ ጨርቅ የሚያቀልም ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ፣ መብራትም ፀሐይም አያድነውም። ለዚያ ቀዶ ሕክምና አለ። ቀዶ ሕክምናው ልጁ 60 ቀን ሳይሞላው ሲደረግ ነው ጥሩ ውጤት የሚኖረው። እንዲህ ያለ ሰገራ ካያችሁ ዳይፐሩን አትጣሉ፤ በፌስታል አድርጋችሁ ከልጁ ጋር ይዛችሁ ኑ፣ ለሐኪሙ አሳዩት።